ልጁ እንዲጠግብ ላሟን መመገብ፦ ምግብን እንደ ሳይንስም እንደ ሕግም ስለሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት



ተመላላሽ ክፍል ስሠራ በብዛት ከምጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ ምን ልብላ?» የሚል ነው። ስኳር ያለበት ይጠይቃል፣ ደም ግፊት ያለበት ይጠይቃል፣ ነፍሰ ጡሯ ትጠይቃለች፣ ልጇ አልወፍር ያላት እናት ትጠይቃለች። እኔም የተማርኩትን እመልሳለሁ፦ ጨው ቀንሱ፣ አትክልት ጨምሩ፣ ለስላሳ ተዉ።

ግን ብዙ ጊዜ ቁልፉ በታካሚው እጅ አይደለም። እናትየዋን «ለልጁ በቀን አንድ እንቁላል ይስጡት» ስላት «ዶክተር፣ የእንቁላልን ዋጋ ያውቁታል?» ብላ ትመልስልኛለች። እውነቷን ነው። የእንቁላልን ዋጋ እሷም እኔም አንወስነውም። ዳቦ የምንገዛበት ዱቄት ውስጥ ቫይታሚን ይግባ አይግባ የሚወስነውም ዳቦ ገዢው አይደለም። ድርቅ ሲመጣ ለአርብቶ አደሩ መጀመሪያ እህል ይሂድ ወይስ የከብት መኖ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

እነዚህ ውሳኔዎች በየሆስፒታሉ የምናያቸውን ሕፃናት ቁጥር ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎችን ሥራዬ ብሎ ስለሚያጠና አንድ ትምህርት ቤት ላውራችሁ። «አሜሪካ ያለ ትምህርት ቤት እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ከሞያሌ ከብቶች ጋርም፣ ከሶማሌ ክልል ሕፃናት ጋርም የተያያዘ ታሪክ አለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ በተለይ ለመውለድ ላሰባችሁ ሴቶች ዛሬውኑ የምትጀምሩት ምክር አለ።

ትምህርት ቤቱ የትኛው ነው?

ቦስተን ከተማ ውስጥ ተፍትስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በሥሩ «ፍሪድማን የሥነ ምግብ ሳይንስና ፖሊሲ ትምህርት ቤት» የሚባል አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው፤ ማለትም ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው የሚመጡ ናቸው።

ስሙን ልብ በሉት፦ «ሳይንስ እና ፖሊሲ»። አንዱ ተማሪ ቫይታሚን በሴል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያጠናል። ሌላው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አመጋገብ እየተከታተለ ማን በልብ ሕመም እንደሚያዝ ያያል። ሦስተኛው የምግብ ዋጋን፣ ድጎማንና ሕግን ይማራል። አራተኛው ስለ እርሻና አካባቢ፣ አምስተኛው በጦርነትና በድርቅ ጊዜ ርዳታ እንዴት መሰጠት እንዳለበት ያጠናል። እነዚህ ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እኛ አገር ሲለመድ የመጀመሪያዎቹ ጤና ሚኒስቴር፣ የቀሩት ግብርና፣ ንግድና ገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተበታትነው ነው የምናገኛቸው። የልጁ ሆድ ግን አንድ ነው።

ሐሳቡ ከማን መጣ?

ዣን ማየር ከሚባል ፈረንሳይ ተወልዶ አሜሪካ ከኖረ ሳይንቲስት። እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ተወለደ። አባቱም የፊዚዮሎጂ ሳይንቲስት ሲሆን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሲመሠረት ከነበሩት አንዱ ነው። ልጁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች ጋር ተዋጋ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ተምሮ፣ ሃርቫርድ ላይ ስለ ረሃብ ስሜትና ስለ ውፍረት ለዓመታት ተመራመረ።

ማየር ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አልቀረም። በ1969 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ስለ ምግብ፣ ሥነ ምግብና ጤና በዋይት ሐውስ ትልቅ ጉባኤ ሲጠሩ ሰብሳቢው እሱ ነበር። በሀብታሟ አሜሪካ ውስጥ የሚራቡ ሰዎች መኖራቸው ያኔ ትልቅ መነጋገሪያ ነበር። ከጉባኤው በኋላ ባሉት ዓመታት ለድሆች የሚሰጠው የምግብ ድጋፍና የተማሪዎች ምገባ ሰፋ፤ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት የሚሆን ልዩ የምግብ ፕሮግራምም ተጀመረ። ተመሳሳይ ጉባኤ እንደገና በዋይት ሐውስ የተጠራው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 ነው።

ማየር በ1976 የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ ነው ትምህርት ቤቱ የተወለደው። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ድጋፍ ስለ ምግብና እርጅና የሚያጠና ትልቅ የምርምር ማዕከልም እዚያው ተከፈተ፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ወደ እኛ እንምጣ፦ ሞያሌ፣ 2006

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፋይንስታይን የሚባል ማዕከል አለ። ሲጀመር በ1996 ዋና ጉዳዩ ረሃብ ነበር። የማዕከሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ለዓመታት ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ከባድ ድርቅ ነበር። አርብቶ አደሩ ድርቅ ሲመጣ የሚደርስበትን ታውቃላችሁ፦ ከብቱ ይከሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ሀብቱም፣ ወተቱም፣ የልጆቹ ምግብም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ሞያሌ አካባቢ መንግሥትና አንድ ርዳታ ድርጅት የከብት ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሮቹ ጋር አገናኙ። ነጋዴዎቹ ከብቶቹ ሳይሞቱ 20,000 ገደማ ገዙ። ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከ5,000 በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች ገባ።

ተመራማሪዎቹ ከብት አልገዙም። የእነሱ ሥራ ተከታትሎ መለካት ነበር፦ ገንዘቡ የት ገባ? ቤተሰቦቹ ምግብ ገዙበት፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዙበት፣ መድኃኒት ገዙበት። ጥናቱ ያስላው ውጤት ደግሞ ይገርማል፤ ለዚህ ሥራ የወጣው እያንዳንዱ የርዳታ 1 ዶላር ለማኅበረሰቡ 41 ዶላር ገደማ ጥቅም አስገኝቷል። ምክንያቱም ዋናውን ገንዘብ ያወጡት ነጋዴዎቹ ናቸው። ርዳታው ያገናኘ ብቻ ነው።

በ2008 ግብርና ሚኒስቴር በድርቅ ጊዜ የአርብቶ አደሩን ከብት እንዴት መታደግ እንደሚቻል ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። ከሞያሌው ዓይነት ሥራ የተገኘው ትምህርት እንዲህ ወደ መመሪያ ሲገባ ነው ምርምር ፖሊሲ የሚሆነው።

ላሟን መመገብ

ለእኔ እንደ ሐኪም ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን ቀጣዩ ጥናት ነው። በሶማሌ ክልል፣ ሊበንና ሺኒሌ አካባቢ ከሴቭ ዘ ችልድረን ጋር የተሠራ ነው። መጀመሪያ እናቶችን ጠየቋቸው፦ «ልጆቻችሁ ለምን ይከሳሉ?» እናቶቹ ያለማወላወል መለሱ፦ ወተት ሲጠፋ። በበጋ ከብቶቹ ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ቤት ይቀራሉ፤ ወተቱ ከከብቱ ጋር ይሄዳል።

ታዲያ ምን ተደረገ? ለልጆቹ ከውጭ የመጣ ምግብ ከማደል ይልቅ፣ የሚታለቡት ጥቂት ከብቶች ቤት አካባቢ እንዲቀሩ መኖ ተሰጣቸው፣ ሕክምናና ክትባት ተደረገላቸው። የልጆቹ ክብደት ለወራት ክትትል ተደረገበት። ከብቶቹ በተመገቡባቸው ቦታዎች ልጆቹ ወተት ማግኘት ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ጋር ሲወርድ እነሱ ጋር ያለው የልጆች ሁኔታ ተረጋጋ። ወጪው ደግሞ ልጁ አንዴ ክፉኛ ከከሳ በኋላ ለማከም ከሚወጣው ያነሰ ነበር።

እኔ ልጁን የማገኘው አልጋ ላይ ነው፤ ክንዱ በመለኪያው ቀይ ላይ ሲያርፍ፣ እግሩ ሲያብጥ፣ ፕላምፒናትና ልዩ ወተት ሲጀመርለት። ያ ሕክምና ሕይወት ያድናል፣ ማንም እንዳይንቀው። ግን ከሦስት ወር በፊት አንድ ላም አንድ ሸክም ሣር ብታገኝ ኖሮ ልጁ እኔ ጋ ላይመጣ ይችል ነበር። ይህን በሕክምና ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። የነገሩን በሽታውን እንጂ መኖውን አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማችን፦ ፎሊክ አሲድ

ይህ ክፍል በቀጥታ እናንተን ይመለከታል።

ጽንስ በተፈጠረ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ፣ ወደፊት አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ይዘጋል። በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ (ስፓይና ቢፊዳ) ወይም የራስ ቅሉ ሳይሟላ ሊወለድ ይችላል። ፎሊክ አሲድ የሚባለው የቢ ቫይታሚን ይህን አደጋ በከፍተኛ ደረጃ ይቀንሳል። ይህ በ1991 በታተመ ትልቅ ጥናት ተረጋግጧል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ ድግግሞሹን በ72 በመቶ ቀንሶታል።

ችግሩ ምንድን ነው? 28 ቀን ማለት ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ የማታውቅበት ጊዜ ነው። የወር አበባ ቀረ ብላ፣ ተመርምራ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒን ስትቀበል ቱቦው ቀድሞ ተዘግቷል፤ ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል።

አሜሪካ ምን አደረገች? ክኒኑን ብቻ መጠበቅ ትታ ቫይታሚኑን ዱቄት ውስጥ ከተተችው። ከጥር 1998 ጀምሮ በበለጸገ ዱቄትና መሰል ምርቶች ውስጥ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መጨመር ግዴታ ሆነ። ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ይህን ከመለሱት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ በ1999 የወጣው የተፍትስ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ፍራሚንግሃም ከምትባል ከተማ ለዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው የነበሩ ሰዎችን ደም ከአዋጁ በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። ቫይታሚን በክኒን የማይወስዱት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው ፎሌት አማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ዝቅተኛ ፎሌት የነበራቸው ሰዎች ከ22 በመቶ ወደ 1.7 በመቶ ወረዱ። ማንም ምንም ሳያደርግ፣ ዳቦውን ብቻ እየበላ! የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ግምት እንደሚያሳየው በዚህ ምክንያት በየዓመቱ 1,300 ገደማ ሕፃናት ከዚህ ችግር ይድናሉ።

ግን እዚያም ቀዳዳ ነበረ። ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ዋና ምግባቸው የበቆሎ ዱቄት ቂጣ ነው፣ ሕጉ ደግሞ እሱን አልነካም። በእነዚህ እናቶች ዘንድ ችግሩ ከፍ ብሎ ቀጠለ። በ2016 የበቆሎ ዱቄቱም እንዲበለጽግ ተፈቀደ፤ ተፈቀደ እንጂ ግዴታ አልሆነም።

እኛስ? ኢትዮጵያ ውስጥ በየሆስፒታሉ የተደረጉ ጥናቶች በ10,000 ወሊድ ከ60 በላይ እንዲህ ያሉ ሕፃናት እንዳሉ አሳይተዋል። ይህ ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2022 መንግሥት የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለጽጉ አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን የበቆሎውን ታሪክ አስታውሱ። የእኛ ገበታ እንጀራ ነው። ጤፉን ገዝተን፣ አበጥረን፣ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው የምናስፈጨው። ቫይታሚን የሚጨምር ፋብሪካ መሃል ላይ የለም።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ጨውን የሚያዩት። ጨው ሀብታሙም ድሃውም፣ ከተሜውም ገጠሬውም ይገዛል። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ጨው ውስጥ እንዲገባ ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በዚያ ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው የነበራቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሱ። አለ ማለት በበቂ መጠን አለ ማለት አይደለም፣ ጥራቱ ገና ሥራ ይፈልጋል። ቢሆንም አንድ ደንብ በአምስት ዓመት ምን ያህል ቤት እንደሚገባ አያችሁ? ፎሊክ አሲድንም አብሮ ጨው ውስጥ የመጨመር ሐሳብ አሁን በአገራችን እየተጠና ነው።

ሁሉም ያማረ ነው እንዴ?

አይደለም። ይህን ያህል ካወራሁ ሌላውን ገጽ መደበቅ አይገባም።

በ2008 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ጥናት ቻይና ውስጥ ለሕፃናት በዘረ መል ምህንድስና የተሠራ «ወርቃማ ሩዝ» አብልቷል። ወላጆች ሩዙ ምን እንደሆነ በግልጽ አልተነገራቸውም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አጣርቶ የሥነ ምግባር ጉድለት እንደነበር አምኗል፤ ጽሑፉም በ2015 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። ትልቅ ስም ያለው ቦታ ቢሆንም ፈቃድ ሳይጠየቅ የሰው ልጅ ላይ ምርምር አይደረግም። ነጥቡ ለእኛም ይሠራል፤ ለምርምር ስትጠየቁ «ምንድን ነው የምትሰጡኝ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሌላው፣ በ2021 የትምህርት ቤቱ ተመራማሪዎች «ፉድ ኮምፓስ» የሚባል ለምግቦች ከ1 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አወጡ። ከጊዜ በኋላ ታሽጎ የሚሸጥ ጣፋጭ ሲሪያል ከእንቁላል በላይ ነጥብ ያገኘ የሚያስመስሉ ሥዕሎች ሶሻል ሚዲያውን ሞሉት። ሥዕሎቹ እየመረጡ የተሠሩ ነበሩ፤ ነገር ግን መለኪያው ራሱም መስተካከል ነበረበትና በ2024 አሻሽለው አወጡት። ከዚህ የምንማረው፦ አንድ ቁጥር አይታችሁ ምሳችሁን አትቀይሩ። ሳይንስ ራሱን ያርማል፤ ስክሪንሾት ግን አይታረምም።

ዛሬ ምን ላድርግ?

1. በሚቀጥሉት ወራት ልታረግዙ የምትችሉ ከሆነ፣ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም (0.4 ሚሊ ግራም) ጀምሩ። ቢያንስ ከእርግዝና አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይቀጥላል። «ካረገዝኩ በኋላ እጀምራለሁ» አይሠራም።

2. ከዚህ በፊት የህብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ልጅ የወለዳችሁ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት (በተለይ ቫልፕሮየት) የምትወስዱ ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ መጠን የተለየ ሊሆን ይችላል። ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። መድኃኒታችሁን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

3. ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን ጥሩ የፎሌት ምንጮች ናቸው። ጎመንን ብዙ አታብስሉት። ግን ምግቡ የክኒኑ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

4. ዱቄትና ዘይት ስትገዙ የበለጸገ መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን እዩ፤ ከድነችሁ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

5. ክንዱ የቀጠነ፣ ሁለት እግሩ ያበጠ ወይም መብላት የተወ ልጅ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

6. ሥነ ምግብ መማር የምትፈልጉ ወጣቶች ቦስተን ድረስ መሄድ ግዴታ የለባችሁም። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ በድኅረ ምረቃ ያስተምራሉ። የእንጀራችንን ጥያቄ የሚመልሰው ሰው እንጀራ በልቶ ያደገ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ይህ ጽሑፍ ለአንዲት ለማግባት ወይም ለመውለድ ላሰበች እህት፣ ጓደኛ ወይም ባለቤት ቢደርስ አንድ ልጅ በእግሩ እንዲሄድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ላኩላት።

ጤና ይብዛላችሁ!